ክረምቱ ሲወጣ ጓሮን መዝጋት፦ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያለው ሥራ

መስቀል ካለፈ በኋላ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያለ የጓሮ አትክልት ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል። ጎመኑ አበባ አውጥቷል፣ የድንቹ ግንድ ተኝቷል፣ ቲማቲሙ ከታች ወደ ላይ እየጠቆረ ነው፣ ሙጃውና እንግጫው ግን ከሁሉ በልጦ ፋፍቷል። ከዚህ በኋላ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው የታወቀ ነው። ጓሮው እስከ ግንቦት ይረሳል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ሁሉም ችግኝ ፍለጋ ይወጣል፣ አፈሩ ጭቃ ከሆነ በኋላ ዶማ ይነሳል፣ ዘር ካለፈው ዓመት የተረፈው እየተፈለገ ከመሳቢያ ይወጣል።

እኔ የምመክረው ሥራውን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባሉት ሳምንታት አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ አረሙ ዘሩን አላራገፈም፣ የትኛው ተክል እንደታመመና የትኛው እንደተመቸው በዓይን ይታያል። ሰኔ ላይ ከእነዚህ አንዱም አይገኝም። ስለዚህ የመጪው ክረምት ጓሮ ዋና ሥራ አሁን ነው።

የጻፍኩት ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላሉ ጓሮዎች ነው፤ አዲስ አበባ፣ ሆለታ፣ ደብረ ብርሃንና መሰል ቦታዎች። እንደ መቂና ዝዋይ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች በመስኖ ለሚያለሙ በጋው ራሱ ዋና የቲማቲም ወቅት ስለሆነ የዚህ ጽሑፍ ጊዜ ሰሌዳ አይሆናቸውም።

1. ከመንቀላችሁ በፊት ጻፉ

ማጭድ ከማንሳታችሁ በፊት ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ጓሮውን ዙሩ። መደቦቹን በንድፍ አስቀምጡና ቁጥር ስጧቸው። በእያንዳንዱ ላይ ዘንድሮ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደታመመ፣ ነሐሴ ላይ ውሃ የተኛበት ጥግ የቱ እንደሆነ፣ የጎረቤት ግንብ ጥላ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ጻፉ። በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይጠቅማል፤ ሆኖም ፎቶ የውሃውን ነገር አይነግራችሁም።

አንድ ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ቤተሰቡ በእርግጥ የበላው ምኑን ነው? ሰላጣው ግማሹ አብቦ ተጥሎ፣ ቆስጣው ደግሞ ለሁለት ሳምንት ብቻ ደርሶ አልቆ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ዓመት የመደብ ድልድል እዚያው ላይ ተወስኗል። ቀይ ሥር የሚበላ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ቀይ ሥር የሚዘራ አባወራ አይጠፋም።

ሁለተኛው ዙር ማስታወሻ ደግሞ ስትነቅሉ የሚጻፍ ነው፣ ምክንያቱም ሥሩ ብዙ ይናገራል። ቲማቲሙን ወይም ቃሪያውን ስትነቅሉ ሥሩን አራግፉና እዩት። ሥሩ ራሱ እዚህም እዚያም አብጦ ከተቋጠረ ኔማቶድ የሚባሉት ጥቃቅን ትሎች አፈሩ ውስጥ አሉ። ባቄላና አተር ሥር ላይ የሚታዩት እንክብሎች ግን ሌላ ናቸው። በጥፍር ሲነኩ ከሥሩ በቀላሉ ይላቀቃሉ፣ ሲፈርጡ ውስጣቸው ቀላ ይላል፤ እነዚህ ናይትሮጅን የሚያጠራቅሙልን ስለሆኑ ደስ ሊለን ይገባል። ሁለቱን ሳይለዩ ባቄላውን “ታሟል” ብለው የሚያቃጥሉ አሉ።

2. ውርጩ ከመግባቱ በፊት የሚሰበሰበውን ሰብስቡ

ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በማይኖርባቸው ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። ከኮረብታ ላይ ያለ ጓሮ ይተርፋል፤ ወንዝ ዳር ወይም ጎድጓዳ ቦታ ያለው ግን ቀዝቃዛው አየር ስለሚተኛበት ይመታል። ለውርጭ የሚሸነፉት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ዱባ፣ ፎሶሊያና በሶብላ ናቸው። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ በመጠኑ ይችሉታል። ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁ የሚሄደው ወደ በፊተኞቹ ይሁን።

ድንች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የሚበላሸው እሱ ነውና። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ወዲያው አትቆፍሩ። ግንዱን ከመሬት በላይ አጭዳችሁ ከ10 እስከ 15 ቀን ተዉት፤ በዚህ ጊዜ ልጡ ይጠነክራል። አንዱን አውጡና ልጡን በአውራ ጣት ግፉት፤ ከተላጠ ገና ነው። ከቆፈራችሁ በኋላ አትጠቡት፤ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይድረቅና ጨለማ ቦታ ይግባ። ለምግብ የሚሆን ድንች ብርሃን ካገኘው ይለመልማል። አረንጓዴው ክፍል መራራና የሚመርዝ ስለሆነ ተቆርጦ መጣል አለበት።

የዘር ድንች ግን በተቃራኒው ብርሃን ይፈልጋል። የእንቁላል መጠን ያላቸውን፣ ጤነኛ ከነበረ ግንድ ሥር የወጡትን ምረጡ። በቀጥታ ፀሐይ በማያገኛቸው ግን ብርሃን በሚገባበት ቦታ፣ አየር በሚያሳልፍ መደርደሪያ ላይ በአንድ ረድፍ ዘርጓቸው። በዚህ አያያዝ ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል፤ ጨለማ ውስጥ የቆየ ድንች የሚያወጣው ረዥም ነጭ ቡቃያ ግን ሲተከል ይሰበራል። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ካገኛችሁ በዚህ መንገድ ለጥቂት ወቅት ከራሳችሁ ዘር መቀጠል ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ በሽታ ስለሚጠራቀም ንጹሕ ዘር መቀየር ግድ ነው።

ከዘር ድንች በፊት አንድ ምርመራ አለ። ክረምት ላይ ቅጠሉ ሳይቢጫ ድንገት ጠውልጎ የሞተ ግንድ ከነበረ፣ ከዚያ ግንድ የወጣውን ድንች ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጨምቁት። ከልጡ ገባ ብሎ ባለው ቀለበት ላይ ወተት መሳይ ፈሳሽ ከወጣ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ቲማቲም ላይ ደግሞ የግንዱን ቁራጭ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠበት ቦታ ነጭ ክር እየተምዘገዘገ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህ የታየበት መደብ ላይ ለበርካታ ዓመታት ድንችም ቲማቲምም ቃሪያም አይተከልም፣ ከዚያ መደብ አንድም የዘር ድንች አይያዝም።

ነጭ ሽንኩርት የታችኞቹ ቅጠሎች ግማሽ ያህል ሲደርቁ ይነቀላል። ሁሉም እስኪደርቅ ከጠበቃችሁ ቅርፊቱ ይፈታና ፍንካቹ ይበታተናል። ከነቅጠሉ አስራችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ስቀሉት። ትልልቁን ለወጥ፣ ትንንሹን ለዘር ማለት የተለመደ ነው፤ ግልባጩ ነው መሆን ያለበት፣ ከትልቅ ፍንካች ትልቅ ራስ ይወጣልና።

የቀሩትን በአጭሩ፦ ዱባ ልጡን ጥፍር ካልበሳው ደርሷል፤ እንጥልጥሉን አራት ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡና ለአሥር ቀን ፀሐይ ላይ ይጠንክር። አረንጓዴ የቀረ ቲማቲም ቀለሙ ፈዘዝ ማለት ከጀመረ ካርቶን ውስጥ ከበሰለ ሙዝ ጋር ሲቀመጥ ይቀላል። በሽታ የነካው ግን ውስጥ ሆኖ ይበሰብሳልና አትድከሙ። ካሮት መሬት ውስጥ መቆየት ይችላል፤ አፈሩ ሲደርቅ ግን ማውጣቱ ትግል ነው። ቃሪያ ውርጭ በማይደርስበት የግድግዳ ጥግ ከሆነ አትንቀሉት፤ ሲሶውን ከርክማችሁ ተዉት፣ በልግ ላይ ያቆጠቁጣል።

ከቅመማ ቅመሙ በሶብላን ከነዘሩ አጭዳችሁ ገልብጣችሁ ስቀሉ። ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ቋሚ ናቸው፤ ከርክሙና የከረከማችሁትን ኮሰረት ጥላ ላይ አድርቃችሁ ለቅቤ ማንጠሪያ አስቀምጡ። ጤና አዳምም እንዲሁ ይከረከማል፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ያቃጥላል። ጓንት አድርጋችሁ ወደ ማታ ሥሩት፤ ልጆች አይርዷችሁ።

3. ዘር መያዝ

የሐበሻ ጎመን ዘር ለመያዝ ከሁሉ ይቀላል፣ ግን ብዙ ጊዜ በስህተት ይያዛል። ቀድሞ ያበበው ጎመን ቀድሞ ዘር ይሰጣል፣ ሰውም የቀደመውን ይሰበስባል። እንዲህ ሲደረግ ዓመት በዓመት እየተመረጠ ያለው ቅጠል ሳይሰጥ ቶሎ የሚያብብ ጎመን ነው። ዘግይቶ ያበበውን፣ ቅጠሉ ሰፊና ክሽክሽ ያልወረሰውን ምረጡ። አንድ ግንድ ብቻ ሳይሆን አምስት ስድስት ይሁን። ከተመረጡት ላይ ቅጠል መቀንጠስ አቁሙ። ከአገዳው ላይ ያሉት ፍሬዎች አብዛኞቹ ቢጫና ቡኒ ሲሆኑ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ቁረጡ፤ ቀትር ላይ ከነካችሁት ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይቀራል። በሰፌድ ወይም በጨርቅ ላይ አድርቃችሁ አሽታችሁ አንፍሱት።

ቲማቲም ከሆነ የበሰለውን ከጤነኛ ግንድ ወስዳችሁ ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁ። ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ሻጋታ ሲያወጣና ሲሸት ዘሩን የሸፈነው ሙልጭልጭ ነገር ለቅቋል ማለት ነው። እጠቡት፣ ሳህን ላይ አድርቁት፤ ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል። ቃሪያ ደግሞ ተክሉ ላይ ፍጹም ከቀላ በኋላ ነው ዘሩ የሚያዘው። ሚጥሚጣና ቃሪያ ጎን ለጎን ከነበሩ ሊዳቀሉ ይችላሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቃሪያ ቢያቃጥላችሁ ሻጩን አትውቀሱ።

ጥቅል ጎመንና ካሮት ላይ ጊዜ አታባክኑ። ዘር ለመስጠት ረዘም ያለ ብርድ ስለሚፈልጉ እኛ ጋ በቤት ደረጃ አይሆንም፣ መግዛቱ ይሻላል። ፓኬቱ ላይ ኤፍ 1 የሚል ምልክት ያለው ዘርም ዲቃላ ስለሆነ ከፍሬው የምትይዙት ዘር እናቱን አይመስልም።

ዘር የሚገድለው እርጥበትና ሙቀት ነው። በደንብ የደረቀውን ወረቀት ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ ሥሩ ላይ ደረቅ አመድ ወይም የተቆላ ሩዝ ባለበት ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጡ። ስሙንና ዓመቱን ጻፉበት። የሽንኩርት ዘር ከዓመት ሁለት ዓመት በላይ አይቆይም፤ ካሮት ሦስት ዓመት ገደማ፣ የጎመን ዘመዶችና ቲማቲም አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። አሮጌ ዘር ከመጣላችሁ ወይም ከማመናችሁ በፊት 20 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ። በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ከ20ው ከአሥር በታች ከበቀለ አዲስ ግዙ።

4. የተነቀለው ወዴት ይሄዳል?

ኅዳር 12 ላይ ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ልማዱ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀበት ጊዜ የቀረ ነው። የጓሮ ጽዳትም ከዚሁ ቀን ጋር ስለሚገጥም የጎመኑም የባቄላውም የሣሩም ነገር አንድ ላይ ተከምሮ እሳት ይለቀቅበታል። በእኔ ግምት ጓሯችን በየዓመቱ እየደኸየ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ለአፈሩ ሊመለስ የሚገባው ጭስ ሆኖ ይሄዳል። እሳቱን አስቀሩ አልልም። የሚገባውን ብቻ ስጡት።

ሦስት ክምር ሥሩ። የመጀመሪያው ለብስባሽ የሚሆን ጤነኛ ግንድና ቅጠል፣ ዘር ያልያዘ አረም፣ የቆስጣና የሰላጣ ትርፍ ነው። ሁለተኛው ለከብት የሚሆን ነው፤ ቤት ውስጥ በግም ላምም ከሌለ ለጎረቤት ስጡና በምትኩ ፍግ ጠይቁ። ሦስተኛው የእሳት ነው፦ የጠቆረ የቲማቲምና የድንች ግንድ፣ የጠወለገ ተክል፣ የተቋጠረ ሥር፣ ዘር የያዘ አረም። የቤት ብስባሽ ብዙ ጊዜ እነዚህን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ላይ አይደርስም። ሰርዶና እንግጫ ደግሞ ከሥራቸው ስለሚበቅሉ መጀመሪያ ሲሚንቶ ላይ ተሰጥተው ክው ብለው ይድረቁ።

ነጭ ሽንኩርት ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስትነቅሉት መቀመጫው ላይ ነጭ ሻጋታ፣ በሻጋታውም ላይ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ መሳይ ነገር ካያችሁ ያ ነጭ አበስብስ የሚባለው በሽታ ነው፤ እነዚያ ጥቁር ነገሮች አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ መኖር ይችላሉ። ተክሉን በዙሪያው ካለው አፈር ጋር አውጥታችሁ አስወግዱ፣ ዶማውን እጠቡ፤ በዚያ ቦታ ማንኛውንም ሽንኩርት አትትከሉ።

ባቄላ፣ አተርና ፎሶሊያ አይነቀሉም። ከመሬት እኩል ቁረጧቸው፣ ሥሩ እዚያው ይበስብስ።

ያረጀ የጎመን ግንድ ለዘር ካልተመረጠ ይውጣ። ክሽክሽ በደረቅ ወራት ይራባል፤ አሮጌው ግንድ ላይ ከርሞ አዲሱ ችግኝ ላይ ይሻገራል። “ትንሽ ቅጠል ይሰጠኛል” ተብሎ የሚተወው ግንድ ዋጋ ያስከፍላል።

5. አፈሩን በጊዜው ያዙት

መረሬ አፈር ያላችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጥቁሩ አፈር ክረምት ላይ እግር ይይዛል፣ ታኅሣሥ ላይ ተሰነጣጥቆ ዶማ ይመልሳል። በመካከል ለመቆፈር የሚመች አጭር ጊዜ አለ። ለማወቅ፣ አንድ አካፋ ጥልቀት ላይ ካለው አፈር ጭብጥ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ አሽከርክሩ። ረዥምና የሚያብለጨልጭ ክር ከሆነ ገና ነው፤ ጠብሰቅ ብሎ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከፈረሰ ዛሬ ቆፍሩ። ጓሉን አታድቅቁት፤ ፀሐዩና የሌሊቱ ብርድ ያፈርሱታል።

ቆፍራችሁ ስትጨርሱ ያለቀለት ፍግ ወይም ብስባሽ ሁለት ሦስት ጣት ውፍረት አልብሱት። ትኩስ የዶሮ ኩስ ግን በቀጥታ አይገባም፣ ሥር ያቃጥላል። ከዚያ በላይ ጉዝጓዝ ያስፈልጋል። የጤፍ ጭድ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን አሁን አሁን ለከብት ካልሆነ አይደፈርም። ቡና ሲፈላና በዓል ሲሆን ቤት ውስጥ የተጎዘጎዘው ሣርና ቄጤማ ተጠርጎ ከሚጣል ወደ መደብ ይሂድ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲጨመር ታኅሣሥ ላይ መደቡን ይሸፍነዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታልብሱ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለቡቃያም አይመችም።

አመድ በስሱ ይበተናል፣ ነገር ግን ድንች ሊተከልበት በታሰበ መደብ ላይ አይሆንም፤ የልጡን ቅርፊት በሽታ ያባብሳል። ቀይ አፈር ላይ አፈሩ ኮምጣጣ ነው ብሎ ኖራ መበተን ተለምዷል። ሳታስመረምሩ አታድርጉት።

መደቡ ባዶ ከሚያድር የሚበቅልበት ነገር ቢኖር ይሻላል። ጥቁር አፈር ላይ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ለጓሮም ይሠራል። ከፍታችሁ በጣም ካልበዛ መስከረም መጨረሻ ላይ ባዶ የሆነ መደብ ካላችሁ ሽምብራ በትኑበት። ውሃ አይጠይቃችሁም፣ እሸቱን ትበላላችሁ፣ ሥሩ አፈሩን ያዳብራል። አብሽም እንዲሁ ተዘርቶ ከማበቡ በፊት ከአፈር ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

6. የብስባሽ ጉድጓድ

ክረምት ላይ ብስባሽ ከመሬት በላይ ይከመራል፣ በጋ ላይ ግን ጉድጓድ ይሻላል፤ እርጥበቱን ይይዝለታል። ጥላ ባለበት ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል። ሥሩ ላይ ደረቅ አገዳ፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ በስሱ ፍግና አፈር፣ እያጠጣችሁ እንደገና ከመጀመሪያው። የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የአትክልት ልጣጭ ይገባል። ሥጋ፣ ዘይትና ወጥ የነካው እንጀራ አይጥ ስለሚጠራ ይቅር።

መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ ዱላ ትከሉበትና በጆንያ ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍኑት። በየሳምንቱ ዱላውን ነቅላችሁ ዳስሱ። ሞቅ ያለና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ መገልበጥና ደረቅ ነገር መጨመር ያስፈልገዋል። በየሦስት አራት ሳምንቱ ከተገለበጠ ኅዳር ላይ የተጀመረው መጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ ላይ ይደርሳል፤ መደብ የሚዘጋጅበት ጊዜም ያኔ ነው።

7. አንድ መደብ አይዘጋም

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሙሉ ጓሮ በበጋ ማጠጣት ሕልም ነው። ለማእድ ቤት የሚቀርበውን አንድ መደብ ብቻ መርጣችሁ ሌላውን በጉዝጓዝ ዝጉ። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ለዚህ መደብ ይበቃል፤ በረኪና የገባበት ግን በምንም መልኩ አይሂድ። ሮቶ ላላቸው፣ በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጠዋት በደንብ ማርካት ይሻላል፣ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳልና። ውርጭ በሚያሰጋ ቀን አፈሩን ቀን ላይ አርጥቡትና ማታ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት።

በዚህ መደብ ላይ ምን ይተከል ለሚለው የጾሙን አቆጣጠር ተከተሉ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ጥቅምት ላይ ከርክማችሁ ያጠጣችሁት ቆስጣ ለዚያ ይደርሳል። ሁዳዴ ደግሞ ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ችግኙ የፈላ ጎመን ታኅሣሥ መጨረሻ ተነቅሎ ቢተከል በ55ቱ ቀን ገበያ አትወጡም ማለት ይቻላል። ሰላጣ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይዘራ፤ አንድ ጊዜ የተዘራ ሰላጣ አንድ ጊዜ ነው የሚያብበው።

8. የሚቀጥለውን ዓመት ደብተሩ ላይ ትከሉ

አሁን ንድፋችሁን አውጡ። ዋናው ሕግ ዘመድ በዘመድ ቦታ አይተካም የሚል ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው። የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ሌላ። ቀይ፣ ነጭና ባሮ ሽንኩርት ሌላ። ባቄላ፣ አተርና ፎሶሊያ ሌላ። ቆስጣና ቀይ ሥር እርስ በርስ ዘመድ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም።

አራት መደብ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ድንች፣ ቀጥሎ ባቄላ፣ ቀጥሎ ጎመን፣ ቀጥሎ ካሮትና ሽንኩርት ቢሆን ጥሩ ነው። ድንች ፍጉን ይወዳል። ባቄላ የሚተወውን ናይትሮጅን ጎመን ይበላል። ካሮት በትኩስ ፍግ ላይ ከተዘራ ሹካ ሆኖ ስለሚከፈል መጨረሻ ላይ መምጣቱ ይበጀዋል። ሁለት መደብ ብቻ ያላችሁ ይህ አይሠራላችሁም። እዚያ የሚሻለው አንዱን ቤተሰብ ለአንድ ሁለት ዓመት ጭራሽ መተው ነው፤ ድንች ከገበያ ይገዛል፣ ምንም አይጎድልም። በጆንያና በባልዲ የምታለሙ አፈሩን ለወጥ አድርጉና አሮጌውን ለአበባ ስጡት።

ቲማቲም ላይ አቋም አለኝ። በደጋ ክረምት የተተከለ ቲማቲም ሐምሌ ላይ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ያጠቁረዋል፤ በየሳምንቱ ኬሚካል ካልረጫችሁ ፍሬ አታዩም። ስለዚህ ከክረምቱ አውጡት። ጥር ላይ ቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ችግኝ አፍሉ፣ ውርጩ ሲያበቃ የካቲት መጨረሻ ትከሉ፣ እያጠጣችሁ ከግንቦት እስከ ሰኔ ልቀሙ። ዋናው ዝናብ ሲገባ ነቅላችሁ ቦታውን ለጎመን ትለቃላችሁ።

ከቀሩት ወራት፣ መጋቢት የበልግ ድንች ነው፤ ጥቅምት የተቆፈረው ዘር እስከዚያ እንቅልፉን ጨርሶ አቆጥቁጧል። ሚያዝያ ላይ ቃሪያ ይፈላል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋልና። ግንቦት መጀመሪያ ላይ የጎመንና የጥቅል ጎመን ችግኝ ይፈላል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች እንደጣሉ፣ አፈሩ ጭቃ ሳይሆን፣ መደቡን ከፍ አድርጉ፤ መረሬ ላይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታና በመሐል የውሃ መውረጃ ቦይ ያስፈልጋል። ነሐሴ ላይ ውሃ ተኝቶበታል ብላችሁ ደብተሩ ላይ የጻፋችሁት ጥግ ቦዩ የሚጀመርበት ነው። ሰኔ መጀመሪያ ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ መደብ ላይ ይዘራሉ፣ ለክረምቱ የተያዘው ድንችም ይተከላል። ሰኔ መጨረሻ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ይገባሉ።

መሣሪያ የመጨረሻ ሥራ ነው፣ አይረዝምም። ዶማውንና አካፋውን ከጭቃ አጽድታችሁ በተቃጠለ የመኪና ዘይት የነከረ ጨርቅ እሹት፣ እጀታው የላላውን አሁን አስተካክሉ። የውሃ ጎማውን ባዶ አድርጋችሁ ጥቅልል አድርጋችሁ ከፀሐይ አስገቡት፤ የበጋ ፀሐይ ያሰነጥቀዋል። የቲማቲም ድጋፍ የነበረው እንጨት በሽታ ካየ ከሦስተኛው ክምር ጋር ይቃጠል፣ አዲሱን ደግሞ ጥር ላይ ችግኙን ስታፈሉ ቁረጡ።